ለኒያላ የሚስማማው የሒሳብ ፎንት የትኛው ነው?

የአንባቢ ጥያቄ

«ሰላም ለአዘጋጁ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሒሳብን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቹን የሚያደናቅፋቸው ሐሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በአማርኛ የሚያብራራ አጋዥ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። የምጽፈው በዎርድ ነው። ጽሑፉ ኒያላ በሚባለው የግዕዝ ፎንት በ12 መጠን ነው፣ ቀመሩ ደግሞ ዎርድ ራሱ የሚያመጣው ካምብሪያ ማዝ ነው። በዐረፍተ ነገር መሀል የሚገቡትን ኤክስና ዋይ በታይምስ ኒው ሮማን አስገባኋቸው። ታትሞ ሳየው ግን አንዱን ገጽ ሦስት ሰው የጻፈው ይመስላል፤ ቀመሩ ጠቁሮና ገዝፎ ይወጣል፣ አማርኛው ሳስቶ ይቀራል። ጓደኛዬ ላቲን ሞደርን የሚባል ፎንት ጫነልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ግን የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። ለአማርኛ ጽሑፍ የሚስማማው የሒሳብ ፎንት የትኛው ነው? ወይስ ሁሉንም ትቼ ላቴክ የተባለውን የሒሳብ ጽሑፍ ማሰናጃ ልማር? መምህሩ፣ ከደሴ»

መልስ

አብሽሩ መምህር፤ እስካሁን የጻፉት አይባክንም፣ እንደገና መተየብም አያስፈልግዎትም። ሥራው የተማሪን ሸክም የሚያቀል ስለሆነ መልሱን ሰፋ አድርጌ እሰጥዎታለሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እርስዎ በጠረጠሩት በካምብሪያ ማዝ ላይ አይደለም፤ በታይምስ ኒው ሮማኑ ላይ ነው። ገጹን ሦስት ሰው የጻፈው ያስመሰለው እሱ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ኤክስ ቀጥ ብሎ የቆመ የታይምስ ፊደል ነው፤ ከሥሩ ለብቻው በተቀመጠው ቀመር ውስጥ ያለው ኤክስ ደግሞ ዘመም ያለ የካምብሪያ ፊደል ነው። እርስዎ አንድ መሆናቸውን ያውቃሉ። ልጁ ግን በምን ይወቅ? በሒሳብ የፊደል መልክ ራሱ ትርጉም ይሸከማል፤ ዘመም ያለው ቪ ተለዋዋጭ ነው፣ ደምቆ የተጻፈው ቪ ቬክተር ነው፣ ሳይን እና ሎግ ደግሞ ቀጥ ብለው ይጻፋሉ። መልኩ ከመስመር መስመር ከተለዋወጠ ተማሪው የሌለ ልዩነት ሲፈልግ ይውላል።

ስለዚህ ፎንት ከመምረጥዎ በፊት ይህን ያስተካክሉ፦ የሒሳብ የሆነ ነገር ሁሉ፣ አንዲት ብቸኛ ኤክስም ብትሆን፣ በቀመር መጻፊያው ውስጥ ይግባ። ዎርድ ላይ አልት እና የእኩል ምልክቱን አብረው ሲጫኑ ሳጥኑ ይከፈታል። የአማርኛ መጻፊያዎ ክፍት ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የግዕዝ ፊደል ይሆናል። ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። «ኔጌቲቭ 3» የሚለውን በምልክት ሲጽፉ ምልክቱም 3ቱም ከሳጥኑ ውስጥ ይሁኑ። ከውጭ ከቁልፍ ሰሌዳው የሚያገኙት አጭሩን ሰረዝ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን ዎርድ ራሱ ረዘም ያለውን ትክክለኛ የመቀነስ ምልክት ያደርገዋል፣ ከፍታውንም ከቁጥሩ ወገብ ጋር ያስተካክለዋል። ፎቶ ኮፒ ላይ ከጠፉብዎት ምልክቶች መካከል በሰረዝ የተጻፉ እንዳሉ እገምታለሁ።

የ«ክፍለ ዘመን»፣ የ«ገጽ» እና የ«ምዕራፍ» ቁጥሮች ግን በጽሑፉ ፎንት ይቆዩ። እነሱ ቋንቋ እንጂ ስሌት አይደሉም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። «ቀመሩንም በኒያላ ብጽፈውስ?» ብለው አስበው ይሆናል። አይቻልም። የሒሳብ ፎንት የፊደላት ስብስብ ብቻ አይደለም። ላዕልና ታሕቱ ከክፍልፋዩ መስመር ምን ያህል እንደሚርቁ፣ አርቢው የት ከፍታ ላይ እንደሚቀመጥና በስንት በመቶ እንደሚያንስ፣ ቅንፉ ክፍልፋይን ሲያቅፍ እንዴት እንደሚረዝም፣ የስኩዌር ሩቱ ጣሪያ እንዴት እንደሚዘረጋ የሚናገር ሰንጠረዥ በውስጡ ተቀምጧል። ይህ ሰንጠረዥ የመጣው ከኦፊስ 2007 ጋር ሲሆን የመጀመሪያው ባለቤት ካምብሪያ ማዝ ነው። ኒያላም ታይምስ ኒው ሮማንም ይህ የላቸውም፤ ስለዚህ ዎርድ ለቀመር አይቀበላቸውም። (እግረ መንገዴን፦ በተቃራኒው ካምብሪያ ማዝን ለተራ ጽሑፍ እንዳይመርጡት። ረጃጅም ቅንፎቹን እንዲችል ተብሎ ቁመቱ በጣም ስለተለጠጠ በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይከፈትብዎታል። ለጽሑፍ የተሠራው «ካምብሪያ» የሚባለው ሌላው ነው።)

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ምርጫው ቀላል ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ ይወስዳል። ጽሑፉ የታይምስ ዓይነት ከሆነ ስቲክስ ቱ ማዝን ወይም ቴክ ጋይር ተርሜስ ማዝን፣ ፓላቲኖ ከሆነ ቴክ ጋይር ፓጄላ ማዝን፣ ሊበርቲነስ ከሆነ ሊበርቲነስ ማዝን ይይዛል። የጽሑፉ ዘመም ፊደል ከቀመሩ ዘመም ፊደል ጋር ስለሚተያይ መጠንቀቅ ያለበት እዚያ ላይ ነው። ኒያላ ግን እንዲህ ያለ የሒሳብ ወንድም የለውም። ፊደላችንም ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም፤ ከውልደቱም ዘመም መልክ የለውም። ዎርድ ላይ አማርኛን «ኢታሊክ» ሲያደርጉ የሚያገኙት ማሽኑ ገፍቶ ያዘመመውን ነው እንጂ ማንም ቀራጭ እንዲያ ብሎ የሣለውን አይደለም። ይህ ለእኛ ጥቅም አለው፦ ተለዋዋጩ ከአማርኛው መሀል በራሱ ጎልቶ ይታያል፣ ከጽሑፉ ጋር አይምታታም። ስለዚህ የፎንቱን ዘር ትተው ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የመስመሩን ውፍረት፣ ቁመቱንና የብዕሩን አመል።

ከሁሉ የሚበልጠው ውፍረቱ ነው። አንድ መስመር ላይ «በ» ይጻፉና ከጎኑ በቀመር ሳጥን 1 ቁጥርን ያስቀምጡ። ያትሙትና ወረቀቱን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው የ«በ»ን እግር ከ1ዱ ቋሚ ጋር ያስተያዩ። 1ዱ ከእግሩ በግልጽ ከወፈረ ቀመሩ ገጹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል፤ «ጠቁሮና ገዝፎ» ያሉት ይህ ነው። ከእግሩ በጣም ከቀጠነ ደግሞ ቀመሩ የተረሳ ይመስላል። ቀጥሎ ቀጭኑን ያስተያዩ፦ የ«በ»ን ራስ ከክፍልፋዩ መስመርና ከመቀነስ ምልክቱ ጋር። እዚህ ላይ የቀመሩ መስመር ከአማርኛው ቀጭን መስመር መሳሳት የለበትም። ይህን ማየት ያለብዎት ከወረቀት ላይ ነው፤ የኮምፒውተር መስኮት ውፍረትን በትክክል አያሳይም።

ላቲን ሞደርን የከዳዎትም እዚህ ላይ ነው። ፎንቱ የተወለደው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ ከሠራው ኮምፒውተር ሞደርን ከሚባል ፎንት ነው። ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የራሱ መጽሐፍ አዲስ እትም ናሙና ገጾች መልካቸው ስላልጣመው ቴክ የተባለውን የአጻጻፍ ሥርዓትና የራሱን ፊደላት ሊሠራ ተነሣ። የተከተለው የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የማተሚያ ፊደል ነው፤ ወፍራሙ በጣም ወፍራም፣ ቀጭኑ እንደ ክር ቀጭን የሆነውን። በጥሩ ወረቀት ላይ በጥሩ ማሽን ሲታተም ደስ ይላል፣ ዓለም የሒሳብ መጽሐፍን የሚያውቀውም በዚህ መልኩ ነው። የትምህርት ቤት ወረቀት ግን አንድ ጊዜ ታትሞ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ከኮፒው ደግሞ ሌላ ኮፒ ይወጣል። በየደረጃው ቀጭኑ መስመር ይበላል። ኤክስ ሲቀነስ 3 የነበረው «ኤክስ 3» ሆኖ ተማሪው እጅ ሲገባ ልጁ ያባዛዋል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ለእርስዎ ሥራ ላቲን ሞደርንን ይተዉት።

ቁመቱን በተመለከተ፣ የግዕዝ ፊደል ብዙ ጊዜ ከላቲኑ ትንሽ ፊደል ይረዝማል፣ ከትልቁ ፊደልና ከቁጥሩ ግን ያንሳል። ኒያላ ደግሞ በባሕርዩ አካሉ ትንሽ ነው፤ 12 የተባለው ኒያላ ከሌላው 12 ጋር ሲቆም ያጥራል። ካምብሪያ ማዝ በ12 ሲቆምበት ቁጥሮቹ ከአማርኛው ራስ በላይ የሚወጡት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ቀመሩን ወደ 10 ያወርደዋል። እኔ አልመክርዎትም። ቀመሩ ሲያንስ አርቢው አብሮ ያንሳል፣ የአርቢው አርቢ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ በቴክ የቆየ ልማድ ዋናው 10 ሲሆን አርቢው 7፣ የአርቢው አርቢ 5 ነው። 5 ፖይንት የሆነ 3 እና 8 ከፎቶ ኮፒ በኋላ አይለዩም። ይልቅ አማርኛውን ወደ 13 ወይም 14 ከፍ ያድርጉት፣ ቀመሩን 11 ወይም 12 ላይ ይተዉት። ገጹ ይጨምርብዎታል፣ ወጪውም እንዲሁ፤ ነገር ግን መጽሐፉ የሚነበበው ማታ፣ ደካማ መብራት ሥር ጭምር ነው።

የብዕሩ አመል ያልኩት ደግሞ ይህን ነው። የግዕዝ ፊደል ከብዕር የወጣ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ጎብኝተው ብራና የማየት ዕድል ካገኙ እግሩ ወፍሮ መጋጠሚያው ሲቀጥን፣ ጫፉ የብዕሩን ስለት ሲያሳይ ይመለከታሉ። ኒያላ ያንን የእጅ እንቅስቃሴ ይዟል። ስለዚህ አብሮት የሚኖረው የሒሳብ ፎንትም እጅ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ፓላቲኖ የብዕር ጸሐፊ የነበረው የኸርማን ዛፕፍ ሥራ ነው፤ መስመሩ ይወፍራል ይቀጥናል፣ ግን ቀጭኑ እንደ ላቲን ሞደርን አይጠፋም። የእርሱን መልክ የያዘው የሒሳብ ፎንት ቴክ ጋይር ፓጄላ ማዝ ነው፣ በነፃ ይገኛል። ከኒያላ ጋር መጀመሪያ እንዲሞክሩት የምመክርዎት ይህን ነው።

ሁለተኛው ስቲክስ ቱ ማዝ ነው። የሳይንስ አሳታሚዎች ተባብረው ያሠሩት ነው፤ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፣ ሁለተኛውና የተሻለው በ2016። መልኩ ታይምስን ይመስላል፣ ግን ከታይምስ ጠንከር ይላል፤ የሌለው ምልክት የለም ማለት ይቻላል፣ ትንንሾቹ አርቢዎችም ለትንሽነታቸው ተብለው ለብቻ የተሣሉ ናቸው። ተማሪዎ በፈተና ወረቀት ላይ የለመደው ኤክስ ወደዚህ ስለሚቀርብ በዚህ ረገድ ከፓጄላ ይበልጣል። ሦስተኛው እዚያው ያለዎት ካምብሪያ ማዝ ነው። ጠንካራ ፎንት ነው፣ ኮፒን በደንብ ይችላል። ኒያላን 14 አድርገው ካምብሪያን 11 ላይ ካቆሙት ምንም ሳይጭኑ ብዙው ችግር ሊቃለል ይችላል። ኮምፒውተሩ የእርስዎ ካልሆነ ወይም ፋይሉ በብዙ ሰው እጅ የሚያልፍ ከሆነ ይህን ይያዙ።

ዛፕፍ ለአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ከክኑዝ ጋር የሠራው ኦይለር የሚባል ሌላ ፎንት አለ። ተለዋዋጮቹ አይዘሙም፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ጎበዝ የሒሳብ ሰው ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ያለውን እጅ ይመስላሉ። ቀጥ ብሎ ከቆመው ፊደላችን አጠገብ እንዴት እንደሚያምር ባሳይዎት ደስ ይለኛል። ለአዋቂ አንባቢ በአማርኛ የሚጻፍ የሒሳብ መጽሐፍ ቢሆን ያለ ማመንታት እመርጠው ነበር። ልጆች ግን ፈተና ላይ ዘመም ያለውን ኤክስ ነው የሚያገኙት፤ አጋዥ መጽሐፍ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ሊያስለምድ አይገባም።

የጽሑፉን ፎንት ለመቀየርም ፈቃደኛ ከሆኑ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይመልከቱ። ኒያላም አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልም ያላቸው አንድ ውፍረት ብቻ ነው፤ ርዕስ ሲያደምቁ ዎርድ ፊደሉን በራሱ ላይ ደርቦ ያጠቁረዋል፣ የ«ጨ» እና የ«ጠ» ክፍተት የሚደፈነውም በዚህ ነው። ኖቶ ግን ደማቁ በእውነት ደማቅ ሆኖ የተሣለ ነው። ከእሱ ጋር ስቲክስ ቱ ማዝ ወይም ሊበርቲነስ ማዝ ይሄዳል። በኒያላ ከጸኑ ግን ርዕሱን ከማድመቅ ማተለቅ ይሻላል። ርዕስ ውስጥ ቀመር ካለ ደግሞ በፍጹም አያድምቁት፤ ደማቅ ፊደል በሒሳብ ሌላ ነገር ነው ብያለሁ።

ለክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር ስላይድ የሚያዘጋጁ ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከፊራ ማዝ ጋር ያጣምሩ፤ ከሩቅ ይነበባል። እንዲህ ባለ እግር አልባ ፎንት (የፊደሎቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ መስመር በሌለው) ላይ ግን ትልቁ አይ፣ ትንሹ ኤል፣ 1 ቁጥርና የፍጹማዊ ዋጋው ቋሚ መስመር ስለሚቀራረቡ ኤልን ለተለዋዋጭነት አይጠቀሙባት።

አሁን ስለ ፎንት ሲወራ ብዙም የማይነሳውን፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን በየመስመሩ የሚያጋጥመውን ላንሳ። ቋንቋችን ቅጥያውን ከቃሉ ጋር ያጣብቃል፤ «ከ» ከፊት፣ «ን» ከኋላ። ስለዚህ የላቲኑ ምልክት በግዕዝ ፊደላት መካከል ተጣብቆ ይቀራል። ኤፍን ይውሰዱ። ዘመም ያለችው ኤፍ ራሷን ወደ ቀኝ ታወጣለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ን» ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ የኤፍ ራስ ከ«ን» ራስ ጋር ይጋጫል። አንዳንዱ ይህን ለማስቀረት በመካከል ሰረዝ ያስገባል። ሰረዙን ግን ተማሪው የመቀነስ ምልክት አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ከዎርድ የምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ቀጭኑን ክፍተት መርጦ በመካከላቸው ማስገባት ነው። የተሻለው ግን ቅጥያውን የአማርኛ ቃል እንዲሸከመው ማድረግ ነው፦ «ተለዋዋጩን ኤክስ»፣ «ከፈንክሽኑ ኤፍ»፣ «ማዕዘኑን አልፋ» እያሉ ምልክቱን ነፃ ያወጡታል። እንዲህ ሲሆን «ከ» መስመር መጨረሻ ላይ ቀርቶ ምልክቱ ወደሚቀጥለው መስመር የሚሸሽበት አጋጣሚም ይቀራል። ለልጁም ይጠቅመዋል፤ ኤፍ ፈንክሽን መሆኗን በየጊዜው ያስታውሰዋል።

ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ነው። ጥምርታን፣ ለምሳሌ 2 ለ 3ን፣ በሁለት ነጥብ ሲጽፉ የግዕዙን «፡» አይጠቀሙ፤ ሙሉውን በቀመር ሳጥን ውስጥ ይጻፉት። አራት ነጥቡ ግን ከሳጥኑ ውጭ፣ በጽሑፉ ፎንት ይሁን። የቀመር ፎንቶቹ የግዕዝ ምልክት ስለሌላቸው ውስጥ ካስገቡት ዎርድ ከየትም ሌላ ፎንት ፈልጎ ያመጣበታል። ክፍልፋይም በዐረፍተ ነገር መሀል ሲገባ መስመሩን ያሰፋዋል፤ አጭር ከሆነ በዘንባላ መስመር ጻፉት፣ ረጅም ከሆነ ለብቻው ዝቅ አድርገው ያስቀምጡት።

የመረጡትን ፎንት ዎርድ ላይ ለማስገባት መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ይጫኑት፣ ከዚያ አንድ ቀመር ውስጥ ገብተው ከላይ በሚከፈተው የኢኩዌሽን ገጽ ላይ ኮንቨርሽንስ ከሚለው ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ይጫኑ። በሚመጣው ሳጥን የመጀመሪያው ምርጫ የቀመር ፎንት ነው፤ እዚያ የሚዘረዘሩት የሒሳብ ሰንጠረዥ ያላቸው ብቻ ናቸው። ቀድመው የጻፏቸው ቀመሮች ካልተለወጡ ቀመሩን መርጠው ሆም ከሚለው ገጽ ላይ ፎንቱን ይቀይሩለት።

ላቴክን በተመለከተ፣ ይህን መጽሐፍ በዎርድ ይጨርሱት። ግማሹ የተጻፈን መጽሐፍ ወደ ላቴክ ማዛወር ጊዜዎን ይበላል፣ ተማሪዎቹም መጽሐፉን አሁን ነው የሚፈልጉት። ለሚቀጥለው ግን ይማሩት፤ ቀመሮችን ቁጥር መስጠትና መልሶ መጥቀስ ሲበዛ ከዎርድ እጅግ ይቀላል። ሲጀምሩ ግዕዝን በቀጥታ የሚቀበሉትን ዜላቴክን ወይም ሉዋላቴክን ይያዙ፤ ዩኒኮድ ማዝ በተባለው ጥቅል የሒሳብ ፎንቱን በአንድ ትእዛዝ ይመርጣሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የቀመሩን መጠን ከጽሑፉ ጋር በራሱ የሚያስተካክል ምርጫ አለ፤ የሚለካው ግን የላቲን ፊደላትን ቁመት እንጂ የ«በ»ን ቁመት አይደለም። ስለዚህ መጠኑን በቁጥር ራስዎ ይስጡት፤ ቁጥሩን ትንሽ በትንሽ እየለዋወጡ ከላይ ባልኩዎት የ«በ» እና የ1 መስመር ይፈትኑት።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ የሙከራ ገጽ ያዘጋጁ። ከመጽሐፉ አንድ እውነተኛ አንቀጽ ይውሰዱ፤ በውስጡ ክፍልፋይ፣ ስኩዌር ሩት፣ የአርቢ አርቢና ብዙ የመቀነስ ምልክት ይኑር። ከሥሩ የሚምታቱትን ጥንዶች ጎን ለጎን ይደርድሩ፦ ቪ ከግሪኩ ኑ፣ ኤ ከአልፋ፣ ደብልዩ ከኦሜጋ፣ ኤል ከ1፣ ኦ ከ0። ይህንኑ ገጽ በፓጄላ፣ በስቲክስና በካምብሪያ ያትሙት፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ያስደርጉ፣ የኮፒውንም ኮፒ። ሦስቱን የመጨረሻ ኮፒዎች ከኋላ ወንበር ለምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ይስጧትና ድምፅ አውጥታ ታንብብልዎ፤ ምን እየፈለጉ እንደሆነ ግን አይንገሯት። የተደናቀፈችበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከእኔ አስተያየት ይልቅ የእሷን ንባብ ይመኑ፤ እሷ ስቲክስን ያለ ስሕተት ካነበበች እኔ ፓጄላን ማስቀደሜ ዋጋ የለውም።

ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄዱ የዎርድ ፋይሉን ሳይሆን ፒዲኤፉን ይዘው ይሂዱ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ግን ተጨማሪ የግዕዝ ፎንቶች ካልተጫኑ ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ጽሑፍዎ ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ተተክቶ የመስመሩ ርዝመት ሁሉ ይለወጣል። የሒሳብ ፎንቱም እዚያ ካልተጫነ ወደ ካምብሪያ ማዝ ሊመለስ ይችላል። «ወደ እኛ ፕሮግራም እንገልብጠው» ካሉዎትም እሺ አይበሉ። ዩኒኮድ ያልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ስለሆነ በዚያ ፎንት የተመረጠ ኤክስ በቅጽበት የግዕዝ ፊደል ሆኖ ቁጭ ይላል። ፒዲኤፉን ከፍተው ስለ ፋይሉ የሚናገረውን ገጽ ሲያዩ የፎንቶቹ ዝርዝር ላይ ኒያላም የመረጡት የሒሳብ ፎንትም «ተካቷል» የሚል ምልክት ሊኖራቸው ይገባል። ያ ከተረጋገጠ በኋላ የማተሚያ ቤቱን የመጀመሪያ ናሙና ከራስዎ ፒዲኤፍ ጋር ገጽ በገጽ ያመሳክሩ፤ መስመር የሚሰበርበት ቦታ ከተለየ ያተሙት የላኩላቸውን ፋይል አይደለም ማለት ነውና እዚያው ያስቁሟቸው።